ከስድስት ኪሎ እስከ መካኒሳ፦ ነፃ ሠዓልያንና አዲስ አበባ

አዲስ አበባ ውስጥ የዘመኑን ሥነ ጥበብ ተከትሎ ለመጓዝ የሚነሣ ሰው ጉዞውን ከየት እንደሚጀምር መወሰን ይቸግረዋል፤ ሠዓልያን ተሰብስበው የሚኖሩበትና ጋለሪዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት አንድ ሰፈር በከተማዋ የለምና። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በሚዘልቀው ዳገት አካባቢ፣ በመንግሥት ትእዛዝ የተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች በአዳራሾችና በአደባባዮች፣ የቁሳቁሱ ገበያ መርካቶ፣ ገዥው በአብዛኛው ቦሌ፣ ሠሪው ደግሞ የቤት ኪራይ በቀለለበት ዳር ሰፈር ሁሉ ተበትነው ይገኛሉ። ይህ መበታተን ለእግረኛው ድካም ቢሆንም የሚያስተምረው ነገር አለ። ነፃ ሠዓሊ፣ ይኸውም ከደመወዝ ከፋይ መሥሪያ ቤትም ከቤተ ክርስቲያን ትእዛዝም ውጭ ሆኖ፣ ርእሱንና ቁሳቁሱን በራሱ መርጦ በሥራው ለመኖር የሚሞክር ባለሙያ፣ ዘወትር የሚመላለስበት መንገድ ይኸው ነው። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የተከተለ ሰው፣ በዚህች ከተማ የሠዓሊ ነፃነት ብቻን በመቆም የተገኘ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በመምህር፣ በባልደረባና በእጅ በሚገኝ ቁሳቁስ ላይ ተደግፎ የቆመ መሆኑን እየቆየ ይረዳል።

በዳገቱ ላይ ቀድሞ የሚገኘው ዐቢይ ስፍራ ዛሬ በመሥራቹ ስም የሚጠራው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። አለ ፈለገሰላም በአሜሪካ፣ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የከፈቱት ይህ ተቋም ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ለሥዕል ትምህርት ዋነኛው በር ሆኖ ኖሯል፤ ኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታት፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሥዕል የሚማር ሰው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካለ ባለሙያ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም እየበጠበጠና ንድፍ እየቀዳ ያድግ ነበር። እንደ አገኘሁ እንግዳ ያሉ ጥቂቶች ብቻ ወደ ፓሪስ ተልከው የአውሮፓን አሣሣል ተምረው ለመመለስ በቅተዋል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ግን አንድ ወጣት የቤተ ክህነት ሰው ሳይሆን፣ የመኳንንት ዘመድም ሳይሆን፣ ንድፍን፣ የቀለም ቅብን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ህትመትን በሥርዓት ተምሮ ሠዓሊ ነኝ ማለት የሚችልበት ዕድል ተፈጠረ። ከዚህ ተቋም የመጀመሪያዋ ሴት ተመራቂ የሆኑት ደስታ ሐጎስ በወንዶች ተይዞ በኖረው ሙያ ውስጥ ስማቸውን ተክለው፣ ከእርሳቸው በኋላ ለመጡት ሴቶች ሁሉ መንገድ ጠርገዋል።

ትምህርት ቤቱ ከክህሎት በላይ ለተማሪው የሰጠው ነገር ምሳሌ የሚሆን ሰው ነው ማለት ይቻላል። በ1960ዎቹ ሁለት ሰዎች ከውጭ ተመልሰው በዚያ አስተማሩ። ገብረክርስቶስ ደስታ፣ በ1932 ሐረር ተወልደው ጀርመን፣ ኮሎኝ የተማሩት ሠዓሊና ገጣሚ፣ ረቂቅ ሥዕልን፣ ማለትም የሚታይን ነገር ከመምሰል ይልቅ ቀለምና ቅርፅ በራሳቸው እንዲናገሩ የሚተው አሣሣልን፣ ለአዲስ አበባ ተመልካች አቀረቡ። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በለንደንና በፓሪስ ብዙ ዓመታት ከቆዩ በኋላ ከ1966 እስከ 1969 በማስተማር፣ የብራና መጻሕፍትን፣ የክታብንና የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ዓለም ከዘመኑ የምናብ ሥዕል ጋር ያዛመደ አዲስ ቋንቋ ለተማሪዎቻቸው አሳዩ። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1965 የእስክንድርን ሥራ ገዝቶ ስለነበር፣ በተማሪው ፊት የቆመው መምህር ከራሱ አገር ቅርስ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ ሙዚየም ሊደርስ የሚችል ሠዓሊ መኖሩን በሕይወቱ የሚመሰክር ሰው ነበር። ለአንድ የሃያ ዓመት ወጣት ከዚህ የበለጠ ስንቅ አይገኝም።

በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ የእንጨት ህትመትን አስተምረዋል። ይህ ጥበብ በጣውላ ላይ ምስል ቀርፆ፣ ሳይፋቅ ከፍ ብሎ በቀረው ገጽ ላይ ቀለም አልብሶ በወረቀት ላይ የማተም ዘዴ ነው። ከእነዚህ መምህራን እጅ የወጡት ዘሪሁን የትምጌታ የህትመቱን ስለታም መስመር ከእስክንድር የቅርስ ፍለጋ ጋር አዋሕደው፣ ኋላ የሚታወቁበትን ቁሳቁስ በሸማኔ ዕቃ ውስጥ አገኙት። ሸማኔዎች ለሥራቸው የሚጠቀሙበትን የቀርከሃ ስንጥር ጎን ለጎን እየደረደሩ በላዩ ላይ የሠሩት ሥዕል ሸራ የማይሰጠውን መልክ ሰጣቸው፤ ሥዕሉ ቀጥ ያሉ ጠባብ ዐምዶች ኅብረት ሆኖ፣ ከሩቅ ሲታይ ጥለት፣ ቀርበው ሲያዩት ደግሞ የመላእክት፣ የእንስሳትና የምልክቶች ጉባኤ ይሆናል። በ1992 በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር ቢናሌ፣ ማለትም በየሁለት ዓመቱ በሚደረግ ታላቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ተሸላሚ መሆናቸው ይህ ከሽመና የተወሰደ ስንጥር ምን ያህል መንገድ እንደተጓዘ ያሳያል።

ሐረጉ በዚያ አልተቋረጠም። በ1953 ወልድያ የተወለዱት ታደሰ መስፍን ሌኒንግራድ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ለረጅም ዓመታት በትምህርት ቤቱ አስተምረዋል። በገበያ ቆመው የሚነግዱ ሴቶችን እንደ ዐምድ ቀጥ አድርገው በሚያሳዩት ሥራዎቻቸው ይታወቃሉ፤ በእርሳቸው ሥር ያለፉት ተማሪዎች ብዛት ግን ከሥዕሎቻቸው ያላነሰ ክብር የሚገባው ነው። ተስፋዬ ኡርጌሳ ከእነዚህ ተማሪዎች አንዱ ናቸው፤ ኋላ በጀርመን፣ ሽቱትጋርት ትምህርታቸውን ቀጥለው በ2022 ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል፤ በ2024 ደግሞ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢናሌ የራሷን ድንኳን ስታቆም ያንን ቦታ ብቻቸውን የሞሉት እርሳቸው ናቸው። እነዚህን ስሞች በተርታ ሲያስቀምጧቸው በጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ “በራሱ ጥረት” ተብሎ የሚነገርለት ሠዓሊ ከጀርባው የሁለትና የሦስት ትውልድ መምህር እንዳለው ግልጽ ይሆናል። የመምህር ደመወዝ ሠዓሊውን ከገበያ ግፊት ጠብቆታል፤ ሠዓሊው መምህር ደግሞ ቀጣዩን ትውልድ አፍርቷል፤ ይህ ልውውጥ ከማንኛውም ጋለሪ ይልቅ ለአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ጠቅሟል።

በስድስት ኪሎ አካባቢ በገብረክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከጀርመን በተመለሱ ሥራዎቻቸው በ2008 ተከፍቷል። ሠዓሊው በ1970ዎቹ መጨረሻ አገር ለቅቀው በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ስላረፉ፣ ሥዕሎቻቸውን በአገራቸው አንድ ቤት ውስጥ ማየት የተቻለው ከሞቱ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ ያሉትን ሥራዎች ቆሞ የሚመለከት ጎብኚ በዚያ ዘመን ለዚህ ዓይነት ሥዕል ገዥ ሊገኝ ይችል እንደነበር መጠየቁ አይቀርም። የመምህርነቱ ደመወዝ ባይኖር ኖሮ ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ባልተሠሩ ነበር።

ከዳገቱ ወርዶ በመስቀል አደባባይ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ሌላ ዓይነት ድጋፍ ያያል፤ እርሱም መንግሥት ነው። በ1961 በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ሥራ በሦስት ክፍል የቆመና 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ነው። ባለቀለም መስታወት ማለት በየቀለሙ የተቆራረጠ መስታወት በእርሳስ ማሰሪያ ተያይዞ፣ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ምስል የሚሆንበት ጥበብ ነው፤ በባሕርዩም አንድ ሠዓሊ በስቱዲዮው ብቻውን ሊሠራው የማይችል፣ ሕንፃን፣ ገንዘብንና የብዙ ባለሙያዎችን እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የአህጉሪቱን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግልና የወደፊት ተስፋ የሚተርከው ይህ መስታወት ከአዳራሹ እድሳት በኋላ በ2024 እንደገና ለሕዝብ ተከፍቷል። አፈወርቅ ለመንግሥትም ለቤተ ክርስቲያንም ታላላቅ ትእዛዞችን እየሠሩ፣ ቴምብር እየነደፉ፣ ቪላ አልፋ ብለው የሰየሙትን መኖሪያቸውን ስቱዲዮም ማሳያም አድርገው በሙያቸው ብቻ ኖረዋል። ይህ መንገድ ግን ለጥቂቶች እንጂ ለብዙዎች የተከፈተ አልነበረም፤ የዘመን ለውጥ ሲመጣም ትእዛዝ ሰጪው ተለውጦ በደርግ ዘመን ብዙ ሠዓልያን ክህሎታቸውን ለፖስተርና ለአብዮታዊ ምስሎች አውለዋል።

በቸርችል ጎዳና የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ተንጠልጥለው የሚታዩት የንግሥተ ሳባና የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች በዘመናዊ ሠዓልያን ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ሸቀጥ ይታያሉ፤ ይህ ፍርድ ግን ሊመረመር የሚገባው ነው። ሠዓሊው በላቸው ይመር ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ለውጭ አገር ሰዎች ሥዕል እየሠሩ በመሸጥ ኖረዋል፤ በጎጃም፣ ቢቸና የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋውም የክህነት አገልግሎታቸውን ትተው በሥዕላቸው ለመኖር ወደ ከተማ መጥተዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ ስለነበር፣ ያንኑ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚጓዝ ሥዕል ማድረግ ለእነርሱ ቀላል ነበር። ያለ ትምህርት ቤት፣ ያለ ጋለሪ፣ ያለ መንግሥት ትእዛዝ በገበያው ላይ ብቻ ከቆሙት ቀደምት የከተማዋ ነፃ ሠዓልያን መካከል እነዚህ ይገኛሉ። የአሣሣላቸው ሥርዓት የቆየ ስለሆነ ብቻ ከዘመናዊው ታሪክ ውጭ ሊያደርጓቸው የሚሞክሩ ጸሐፊዎች ትልቅ ስሕተት ይፈጽማሉ።

መርካቶ የጉዞው እምብርት ነው። የዘይት ቀለም፣ አክሪሊክና ጥሩ ቡርሽ ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ዋጋቸው በውጭ ምንዛሪ መወደድና መርከስ ይወሰናል፤ ከውጭ የሚመጣ ሸራ መግዛት ያልቻለ ሠዓሊ አቡጀዲ ገዝቶ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሮ፣ ቀለሙ ጨርቁን እንዳያበላሸው በነጭ መደብ ደጋግሞ ቀብቶ ራሱ ያዘጋጃል። መደቡ በጥንቃቄ ካልተሠራ ሥዕሉ ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ የቁሳቁስ ዕውቀት የእጅ ሙያ ብቻ ሳይሆን ለገዥው የሚገባ ቃል ኪዳንም ነው። ወደ ምናለሽ ተራ የሚዘልቅ ሰው ደግሞ ያረጀ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል፣ የተፈታታ ሬዲዮና ኮምፒውተር በየዓይነቱ ተለይቶ ሲደለል፣ ሲመዘንና ሲቀጠቀጥ ያያል። ይህ ገበያ ለበርካታ የከተማዋ ቀራፅያንና ሠዓልያን የቀለም ሱቅ ሆኖ ያገለግላል።

ኤልያስ ስሜ ይህን ገበያ ወደ ሥነ ጥበብ የለወጡ ሰው ናቸው። በ1968 አዲስ አበባ ተወልደው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የተማሩት እኒህ ሠዓሊ አስቀድመው በክርና በመርፌ ሸራ ላይ ይሰፉ፣ ቁልፍና ጨርቅ ይሰበስቡ ነበር፤ ኋላም ከመርካቶ የተገዙ የኮምፒውተር ሰርኪዩት ቦርዶችን፣ የመተየቢያ ቁልፎችንና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጎነጎኑና እየቸነከሩ ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ የእርሻ መሬት የሚመስሉ ሰፋፊ ሥራዎችን አዘጋጁ። ሽቦ መጎንጎን ሰፌድ ለምትሰፋ ሴት እንግዳ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥቱም፣ የቀለም ምርጫውም፣ እጁም አንድ ነው። ሥራው የብዙ ረዳቶችን ጉልበትና ረጅም ጊዜ ስለሚጠይቅ “ነፃ ሠዓሊ ብቻውን ይሠራል” የሚለውን የተለመደ ግምት ያፈርሰዋል። እነዚህ ሽቦዎች በሌላ አህጉር ተመርተው፣ በሰው እጅ አገልግለው፣ ተጥለው፣ መርካቶ ላይ በኪሎ ተሸጠው፣ እንደገና ወደ ኒውዮርክና ቬኒስ ሙዚየምና ዐውደ ርዕይ የተመለሱ መሆናቸውን የሚያስብ ተመልካች በፊቱ ያለው ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2019 ሸልሟቸዋል፤ ከዚያ ሽልማት በፊት ግን ገዥ ይኖረው እንደሆነ ሳይታወቅ በዚህ ቁሳቁስ ላይ የጠፉት ዓመታት አሉ፤ የእኒህ ሰው ድፍረት የሚለካውም በእነዚያ ዓመታት ነው።

ቁሳቁስን መለወጥ ሁልጊዜ በምርጫ አይመጣም። ሚካኤል ፀጋዬ በ2002 በሥዕል ተመርቀው ብዙም ሳይቆዩ የዘይት ቀለም ለሰውነታቸው የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ ቡርሹን ትተው ካሜራ አነሡ፤ ዛሬ የሚታወቁት በከተማዋ ለውጥና በሰዎቿ ላይ ባተኮሩ ፎቶግራፎቻቸው ነው። አይዳ ሙሉነህ ሴቶችን በነጭ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም ቀብተው የሚያነሷቸው ፎቶግራፎች ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቀለም ድፍረት ጋር የሚዛመዱ ሲሆኑ፣ በ2010 የመሠረቱት አዲስ ፎቶ ፌስት ደግሞ የአፍሪካ ፎቶግራፍ አንሺዎች አዲስ አበባ ላይ የሚገናኙበት መድረክ ሆኖ አገልግሏል። ኤፍሬም ሰለሞን የእንጨት ቅርጹን ራሱን ቀለም አልብሰው፣ በላዩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ እየለጠፉ፣ ቅይጥ ቁሳቁስ በሚባለው፣ ማለትም ከአንድ በላይ የሆኑ ዘዴዎችን በአንድ ሥራ በሚያጣምረው መንገድ፣ ወንበርንና ነጠላ ጫማን የሥልጣንና የተራ ሰው ኑሮ ምልክት ያደርጋሉ።

ህትመትና ፎቶግራፍ ለሠዓሊው ኑሮ የተለየ ጥቅም አላቸው። አንድ የቀለም ቅብ አንድ ጊዜ ብቻ ይሸጣል፤ ከአንድ ጣውላ ወይም ከአንድ ፎቶግራፍ ግን የተወሰነ ቁጥር ያለው ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ለምሳሌ ዐሥር ቅጂ ብቻ ለማተም የወሰነ ባለሙያ በእያንዳንዱ ላይ 1/10፣ 2/10 እያለ ቁጥሩን ጽፎ ይፈርማል፤ ከዐሥረኛው በኋላ ሌላ ላለማተም ለገዥው ክብሩን አስይዟል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ዋጋው ስለሚቀንስ መምህር ወይም ወጣት ሐኪም የሆነ ገዥ አንድ ቅጂ ሊገዛ ይችላል። የአገር ውስጥ ሰብሳቢ ሊወለድ የሚችልበት አንዱ በር ይኸው ሆኖ ሳለ፣ በከተማዋ ትርዒቶች ላይ ህትመት ከቀለም ቅብ በታች መታየቱ የሚያሳዝን ነው።

ከመርካቶ ወደ ደቡብ፣ መካኒሳ ላይ፣ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ አዘጋጅዋ መስከረም አሰግድ በ2019 የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ይገኛል። አዘጋጅ፣ ወይም በብዙዎች አነጋገር ኪውሬተር፣ ሥራዎችን መርጦ፣ አስማምቶና ሐሳብ ሰጥቶ ትርዒት የሚያሰናዳ ባለሙያ ነው። ሕንፃዎቹ በጭቃና በጭድ፣ ከገጠሩ የቤት አሠራር በተወሰደ ዘዴ የተገነቡ ሲሆኑ፣ ግድግዳዎቹ በእጅ በተሠሩ ቅርጾች የተሸፈኑ፣ ግቢውም አትክልትና የሕፃናት መማሪያ ያለው ነው። እዚህ ላይ የአንድ ሠዓሊ ሥራና የአንድ ተቋም ግንባታ ተለያይተው አይታዩም። ብዙ አገሮች ውስጥ ሙዚየምን መንግሥት ወይም ባለጠጋ ይሠራዋል፤ እዚህ ግን ሠዓሊውና አዘጋጅዋ ለዓመታት በቆየ ሐሳብ፣ ከግንበኞች ጋር በመሥራት አቆሙት። ይህ ለሁሉም ሠዓሊ የሚቻል መንገድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን ሙዚየም ሲቋቋም ቆሞ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ መኖሩን ማንም ቢጠራጠር መካኒሳ ሄዶ ማየት ይችላል።

ተቋም መሥራት ያልቻሉት ጎረቤት ይሆናሉ። ከትምህርት ቤት የወጡ ጓደኞች አንድ ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ሳሎኑን ማሳያ፣ ክፍሎቹን ስቱዲዮ ማድረጋቸው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኝ ዘዴ ነው። ዳዊት አበበ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2001 ያቋቋሙት ሐበሻ አርት ስቱዲዮና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በመናፈሻ ውስጥ የነበረው ነፃ አርት ቪሌጅ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ኪራይ ይካፈላል፤ የተረፈ ቀለም ይበደራል፤ የሚመጣ ገዥም የአንዱን ሊያይ መጥቶ የሌላውን ያያል። ከሁሉም በላይ ግን ሥራው ገና ሳያልቅ የሚተች ባልደረባ ይገኝበታል፤ ይህን የሚተካ ነገር የለም። የእነዚህ ስቱዲዮዎች ዕድሜ አጭር የሚሆነው በአመዛኙ በቤት ምክንያት ነው፤ ኪራዩ ይጨምራል፣ ባለቤቱ ይሸጣል፣ ሰፈሩ ለመልሶ ልማት ይፈርሳል፤ ሸራዎቹም በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ሌላ ዳር ይሄዳሉ። በመካከሉ ሠዓሊው የመጽሐፍ ሽፋን ይሠራል፣ በግል ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምራል፣ የማስታወቂያ ንድፍ ያዘጋጃል፣ ለሆቴል ግድግዳ ይስላል። እነዚህን ሥራዎች ማፈሪያ አድርጎ የሚያይ ሰው የሙያውን ታሪክ አያውቅም፤ ኪራዩን የከፈሉት እነርሱ ናቸውና።

ቦሌና አካባቢው የገበያው ፊት ነው። ማኩሽ ጋለሪ ምግብ ቤትን ከሥዕል ማሳያ ጋር አጣምሮ ለእንግዶች ሥዕል ይሸጣል፤ በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ደግሞ የኢትዮጵያንና የዳያስፖራውን ሠዓልያን በለንደንና በሌሎችም ከተሞች በሚደረጉ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ገበያዎች ላይ ያቀርባል፤ በውልም ይወክላቸዋል። መወከል ማለት ጋለሪው የሠዓሊውን ሥራ በአደራ ተቀብሎ ትርዒት ያዘጋጃል፣ ዋጋ ይተምናል፣ ካታሎግ ያሳትማል፣ ሰብሳቢዎችን ይፈልጋል፤ በምላሹም ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳል ማለት ነው፤ በዓለም አቀፍ ልማድ ይህ ድርሻ ብዙ ጊዜ ግማሽ ይደርሳል። ግማሽ የሚለው ቃል ለጀማሪው ዝርፊያ ሊመስለው ይችላል፤ የማጓጓዣ፣ የኢንሹራንስ፣ የዐውደ ርዕይ ቦታ ኪራይና የዓመታት የግንኙነት ሥራ በዚያ ውስጥ መኖሩን ሲረዳ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ ጋለሪው በአንድ ዋጋ ያሳየውን ሥራ ሠዓሊው በስቱዲዮው በግማሽ ዋጋ ለወዳጅ ቢሸጥ ሁለቱም ይወድቃሉ። አንድ ጊዜ የተቀነሰ ዋጋ ተመልሶ አይነሣም፤ ቀድሞ በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰብሳቢም ከዚያ በኋላ እምነት አይኖረውም። ስለዚህ ዋጋን ቀስ በቀስ፣ በትርዒትና በሽያጭ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ መጨመር ከሥዕሉ ሥራ ያላነሰ ዲሲፕሊን ይጠይቃል።

ከገዥዎቹ ውስጥ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ለረጅም ዘመን ብዙውን ቦታ ይዘው ቆይተዋል፤ እነርሱም የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ሥዕሉን ይዘው ይሄዳሉ። የአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና የጎተ ተቋም አዳራሾች ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ትርዒታቸውን ያሳዩባቸው ቦታዎች መሆናቸው ምስጋና የሚገባው ሆኖ፣ የአንድ ትልቅ አገር ሠዓልያን በውጭ አገር የባህል ማእከላት ላይ ይህን ያህል መደገፋቸው ግን ያሳስባል። ብሔራዊ ሙዚየሙ ያለፈውን ትውልድ ሥራዎች ያሳያል፤ የዛሬውን በየጊዜው እየገዛ የሚያከማች የሕዝብ ስብስብ ግን ያስፈልጋል። የባንኮች፣ የሆቴሎችና በመሠራት ላይ ያሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ግድግዳ በማያልቅበት ከተማ፣ ለግድግዳው የሚሆን ሥዕል ከውጭ በታተመ ፖስተር ሲተካ ማየት ለሥነ ጥበብ ወዳጅ ሕመም ነው።

በዚህ የተነሣ የብዙዎች መንገድ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መውጣቱም የራሱ ታሪክ አለው። እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፣ በዚያች ከተማ የኢትዮጵያውያን ሠዓልያን ሌላ ትምህርት ቤት ያህል ቆመ። ፊደልን የሥዕል ቋንቋ ያደረጉት ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከዚያ የተማሩ ናቸው፤ እስክንድር ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር በአሉሚኒየም የሠሩት “ኔክሰስ” የተባለ ሥራ ደግሞ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይገኛል። በእስራኤል፣ ገና ሕፃን ሳሉ በ1991 ከቤተሰቦቻቸው ጋር የገቡት ንሪት ታከለ የቤተ እስራኤልን የመንደር ሕይወትና የዛሬውን የከተማ ኑሮ ክብ ክብ ባሉ ግዙፍ ሰውነቶች ይስላሉ፤ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ ጋለሪ ሥራቸውን ማቅረቡም ወደ ትውልድ አገር የሚመለስ አንድ መንገድ ከፍቷል። በ2022 የቬኒስ ቢናሌ ዋና ትርዒት ላይ ኤልያስ ስሜና በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩት መሪኮከብ ብርሃኑ አብረው መታየታቸው አዲስ አበባና ሜሪላንድ በአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ እንደሚገናኙ አሳይቷል።

በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሠዓሊው ራሱ ሊሠራው የሚችል፣ ማንም ገንዘብ እስኪሰጠው የማይጠብቅበት አንድ ሥራ አለ፤ የሥራዎቹ መዝገብ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የሠዓሊ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ ሥዕሉን የገዛ ሰው ሸራውን እንጂ ምስሉን በፖስትካርድ፣ በመጽሐፍ ሽፋን ወይም በጨርቅ ላይ አባዝቶ የመሸጥን መብት አልገዛም። ሥዕል ይዞ ከአገር የሚወጣ ሰውም ሥራው ጥንታዊ ቅርስ አለመሆኑን የሚያስረዳ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ዓመት፣ ቁሳቁስና መጠን በጽሑፍ መኖሩ ለገዥውም ይጠቅመዋል። የእያንዳንዱን ሥራ ፎቶግራፍ፣ ዋጋውንና የገዛውን ሰው አድራሻ ከመጀመሪያው ሽያጭ አንሥቶ በደብተር የሚይዝ ጀማሪ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሥራዎቹን ሰብስቦ ለማሳየት ሲፈልግ የት እንዳሉ ያውቃል፤ አዘጋጅም፣ ሙዚየምም፣ የታሪክ ጸሐፊም በዚያው ደብተር ይመራሉ። ያለዚያ ደብተር ወራሾቹ በሕግ የተሰጣቸውን 50 ዓመት የሚጠቀሙበት ምን እንዳላቸው እንኳ ሳያውቁ ያልፋል፤ ሥዕሎቹም በየአህጉሩ ባሉ ሳሎኖች ውስጥ ስም አልባ ሆነው ይቀራሉ።